ስለ አዲስ የመማሪያ ሶፍትዌር ምርመራና ጉድለቱን አይቶ ስለ ማስታወቅ

ብራና ጸሐፊ የመጨረሻውን መስመር ጽፎ ብርዑን ሲያኖር መጽሐፉ ተፈጸመ አይባልም፤ ገና ይናበባል። አንዱ የተቀዳበትን ዋና መጽሐፍ ይዞ በድምፅ ያነባል፤ ሌላው አዲሱን ይዞ በዐይኑ ይከተላል። የተዘለለ ቃል ቢገኝ ከመስመር በላይ ይገባል፤ የተደገመ ቢገኝ ይፋቃል። ይህን የሚሠራው አራሚ ከጸሐፊው ያነሰ ዐዋቂ አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ይበልጠዋል። በማተሚያ ዘመንም ልማዱ አልቀረም፤ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ከወጡት የአማርኛ መጻሕፍት መካከል በመጨረሻቸው የስሕተት ማረሚያ ገጽ የያዙት ብዙዎች ናቸው።

ዛሬ ወደ ተማሪ ቤት የሚገባ ሌላ ዐይነት ጽሑፍ አለ፤ እርሱም ሶፍትዌር ይባላል። ኮምፒዩተርም ቢሆን፣ ታብሌትም ቢሆን፣ ስልክም ቢሆን ለራሱ ምንም የማያውቅ ዕቃ ነው፤ ምን እንዲያሳይና ምን እንዲመልስ የሚያዝዘው በውስጡ የተጻፈው ትእዛዝ ነው። ይህ ትእዛዝ ሶፍትዌር ነው። ልጅ ፊደል እንዲለይ፣ ቁጥር እንዲደምር፣ ተረት እንዲያነብ ተብሎ የተሰናዳው ደግሞ የመማሪያ ሶፍትዌር ይባላል። ሰው የጻፈው እንደ መሆኑም የጸሐፊ ስሕተት ይገባበታል። ነገር ግን የብራናው ስሕተት በአንድ ደብር ሲቀር፣ የሶፍትዌሩ ስሕተት በገባበት መሣሪያ ሁሉ፣ በወግዲም በመካነ ሰላምም በአዲስ አበባም፣ አንድ ዐይነት ሆኖ ይገኛል፤ ሺህ ልጆች ቢማሩበት ሺህ ልጆች ያንኑ ስሕተት ያጠናሉ። ከዚህም የሚከፋው፣ ልጅ የመኪናን ቃል አጥብቆ የሚያምን መሆኑ ነው። መምህር ቢሳሳት የሚጠይቀው ወላጅና ባልንጀራ አለ፤ መኪና ቢሳሳት ግን ልጁ ራሱን ይነቅፋል እንጂ መኪናውን አይነቅፍም።

ሶፍትዌር ሁሉ አንድ ዐይነት እንዳይደለም ልብ ይሏል። አንዳንዱ ትእዛዙ እንዴት እንደ ተጻፈ ለማንም የማይታይ ነው፤ ባለቤቱ ብቻ ያውቀዋል፣ ባለቤቱ ብቻ ያርመዋል። ሌላው ግን የተጻፈበት ምንጭ ለሚሻ ሁሉ የተገለጠ፣ ማንም ሊያነበው፣ ሊቀዳው፣ ሊያርመውና ለሌላው ሊያካፍለው የተፈቀደ ነው፤ ይህም ምንጩ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ይባላል። (ከዚህ በታች የውጭ አገር ነገር ሲነገር ዓመቱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ይህን መንገድ በ1983 ዓ.ም. አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን በይፋ ጀመረው፤ በ1991 ዓ.ም. ደግሞ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ ሊኑክስ የተባለውን ሥራ አወጣ። ዛሬ ባላገሩ በኪሱ ይዞት በሚሄደው ስልክ ውስጥ ያለው አንድሮይድ በዚሁ በሊኑክስ ላይ የቆመ ነው። ዳሩ ግን ክፍት መሆኑ ብቻውን እንከን የለሽ አያደርገውም። በሩ ተከፍቶ ሳለ ገብቶ የሚያይ ሰው ያጣ ቤት ከተዘጋ ቤት ምንም አይሻል።

ስለዚህ ሠሪዎቹ ሥራቸውን ለሕዝብ ሁሉ ከማውጣታቸው በፊት በደረጃ ያሳልፉታል። የመጀመሪያው እትም አልፋ ይባላል፤ ገና ያልተጠናቀቀ ነውና በሠሪዎቹ ዙሪያ ያሉ ብቻ ይሞክሩታል። ሁለተኛው ቤታ ይባላል፤ ይህ ለፈቃደኞች ይሰጣል። ስሞቹ የግሪክ ፊደል መጀመሪያዎች ናቸው፤ አልፋና ዖ የሚለውን የሚያውቅ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ እንግዳ አይሆንባቸውም። ከእነዚህ በኋላ የጸናው እትም ይወጣል። ለምሳሌ ያህል፣ በኮምፒዩተርና በስልክ ላይ የአማርኛን ፊደል ለመጻፍ የሚያገለግለው ኪይማን የተባለው ሶፍትዌር፣ ምንጩም በ2017 ዓ.ም. የተከፈተው፣ እስከ ዛሬ ድረስ በእነዚሁ በሦስቱ ደረጃዎች ይወጣል። ቤታውን ወስዶ የሚሞክር ሰው ሥራው መማር አይደለም፤ መናበብ ነው።

ሠሪዎቹ ራሳቸው ሁሉን ሞክረው ለምን አይጨርሱም የሚል ይኖር ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው፤ የማያውቁትን ጉድለት አይፈልጉትም። የኢትዮጵያን ልጅ የሚያደናቅፉት ብዙዎቹ ጉድለቶች ደግሞ ከአገራችን ፊደል፣ ከአገራችን ዘመን አቈጣጠርና ከአገራችን ኑሮ የሚነሡ ናቸውና፣ በሩቅ አገር ሆኖ የሚጽፍ ሰው በሕልሙም አያገኛቸውም።

ከፊደሉ እንጀምር ቢባል፣ ሀ፣ ሐና ኀ በንባብ አንድ ሆነው ሳለ በመኪናው ዘንድ ሦስት ልዩ ልዩ ፊደሎች ናቸው፤ ሠና ሰ፣ ዐና አ፣ ፀና ጸም እንዲሁ። ልጅ የፀሐይን ሥዕል አይቶ «ጸሐይ» ብሎ ቢጽፍ፣ ሶፍትዌሩ ግን «ፀሐይ» የሚለውን ብቻ የያዘ ቢሆን፣ ቀይ ምልክት አውጥቶ ተሳስተሃል ይለዋል። የግዕዝ ሊቅ ፀሐይን በጸሎቱ ጸ መጻፍ በርግጥ ስሕተት ነው ሊል ይችላል፤ የአንደኛ ክፍል መምህር ደግሞ ለጀማሪ ልጅ ይህን ማጥበቅ አይገባም ሊል ይችላል። የትኛውም ቢመረጥ መራጩ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት እንጂ፣ ነገሩን ሳያስበው ያለፈ የሩቅ አገር ሠሪ መሆን የለበትም።

ሁለተኛም ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ቃል አይለይም። «አለ» ተናገረም ይሆናል፣ ይገኛልም ይሆናል፤ «ይበላል» ሲላላ ልጁ እንጀራውን ሲበላ ነው፣ ሲጠብቅ ግን እንጀራው ሲበላ ነው። ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌር ይህን ካልለየ፣ ቃሉ ሁሉ በትክክል ተጽፎ ሳለ ተረቱ ትርጕም ያጣል። ይህን ደግሞ አማርኛን ከአፉ የተናገረ ሰው እንጂ ሌላ ማንም አይሰማውም።

ሦስተኛም የላቲን ፊደል ድምፁን ከአናባቢው ለይቶ ይጽፋል፤ የእኛ ግን ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት መልክ እየተለወጡ 231 ይሆናሉ። ለእንግሊዝ ልጅ የተሠራ የፊደል ጨዋታ አንዱን ፊደል ከሌላው ጋር አጋጥሞ ድምፅ የሚያስገኝ ነው፤ ያው ጨዋታ ስሙን ብቻ ለውጦ ወደ አማርኛ ቢመለስ፣ ለ ላይ አንዳች ነገር ሲጨመር ሉ ይሆናል ብሎ የማያስተምር ባዶ ልብስ ይሆናል። ቈ፣ ኰና ጐን የመሰሉትም ፊደሎች በአንዳንድ መሣሪያ ላይ አይወጡም፤ በስፍራቸው ትንሽ ባዶ ሳጥን ይታያል። ልጁ ያን ሳጥን እንደ ፊደል ቢያጠናው አይደነቅም።

ስለ ዘመንም ቢሆን፣ ብዙ ሶፍትዌር ዓመትን ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ አድርጎ ይቈጥራል። ጳጉሜ 3 ቀን የተወለደች ልጅ ስሟ ሲመዘገብ የልደት ቀኗን የምታስገባበት ስፍራ ታጣለች። ሰዓትን የሚያስተምረው ደግሞ ተማሪ ቤት በስንት ሰዓት ይገባል ብሎ ጠይቆ፣ ልጁ 2 ሰዓት ሲል 8 ነው ብሎ ያርመዋል። ልጁ ትክክል ነው፤ መኪናው ያልተማረ ነው።

እንዲህ ያለው ጉድለት ተነግሮ እንደሚታረም ለማወቅ የፊደላችንን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ኮምፒዩተር በአገራችን በተጀመረ ጊዜ የአማርኛ መጻፊያ የሠሩ ሰዎች፣ በአገር ውስጥም በውጭ አገርም የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ እያንዳንዳቸው ለፊደሎቹ የየራሳቸውን ቁጥር ሰጥተው ነበር፤ ስለዚህ በአንዱ መጻፊያ የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆን ነበር። ከብዙ ክርክርና ከብዙ መጻጻፍ በኋላ በ1999 ዓ.ም. ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ በ3.0 እትሙ 345 የኢትዮጵያ ፊደሎችንና ምልክቶችን ተቀበለ። ነገሩ ግን በዚያ አልተፈጸመም። ለሰባት ቤት ጉራጌና ለሌሎች ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደሎች ከመዝገቡ መጕደላቸውን የሚያውቁ ሰዎች ፊደሎቹን ዘርዝረው አመለከቱ፤ በ2005 ዓ.ም.ም ተጨመሩ። ያልተጻፈ ቅሬታ አንድም ፊደል አላስጨመረም።

የቀድሞው የጽሕፈት መኪና ግን እንዲህ አልነበረም። ለፊደሉ ሁሉ የሚበቃ ቁልፍ ስለሌለው ቅጥሉ ለብቻው እየተመታ ፊደሉ ተቈራርጦ ይወጣ ነበር፤ አንባቢ ሁሉ መልኩን እየነቀፈ ኖረ፤ ብረት ከቀለጠ በኋላ የሚታረም አልነበረምና ነቀፋው ፍሬ አላገኘም። ሶፍትዌር በዚህ ይሻላል፤ ሠሪው ባለበት ተቀምጦ ያርመዋል፣ የታረመውም በየአገሩ ይደርሳል፤ ጉድለቱን የሚነግረው ሰው ብቻ ይሻል።

ለተማሪ ቤት በተሠራው ሶፍትዌር የሆነውን ለማየት ደግሞ የአንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ ማኅበርን ሥራ ማንሣት ይገባል። ይህን ማኅበር በ2005 ዓ.ም. አሜሪካዊው ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ አቋቋመ፤ ሐሳቡም ለድኻ አገር ልጆች ዋጋው የቀለለ፣ ነጭና አረንጓዴ ቀለም ያለው፣ ኤክስኦ የተባለ ትንሽ ላፕቶፕ ማዳረስ ነበር። በላፕቶፑ ውስጥ የነበረው የመማሪያ ሶፍትዌር ሹገር ይባላል፤ ትርጕሙ ስኳር ነው፤ ምንጩም ክፍት ነው። በ2008 ዓ.ም. ዋልተር ቤንደር የተባለው ሰው ሹገርን ለብቻው የሚያሳድግ ማኅበር መሠረተ፤ ሥራውንም የያዙት በየአገሩ የሚኖሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ከእነዚህ ፈቃደኞች መካከል በኒው ዚላንድ፣ በዌሊንግተንና በኦክላንድ ከተሞች የነበሩት ሊጠቀሱ የተገባቸው ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰቡ ገና ያልወጣውን እትም በላፕቶፖቹ ላይ ጭነው ይመረምሩ ነበር፤ አንዱ ሥዕል ይሥላል፣ አንዱ ይጽፋል፣ ሁለቱ ላፕቶፖቻቸውን አገናኝተው አንድ ጽሑፍ በጋራ ይሠራሉ፤ የሠራውንና ያልሠራውን ሁሉ ጽፈው በሌላው የዓለም ዳርቻ ላሉት ሠሪዎች ይልካሉ። ደመወዝ የላቸውም፤ የሚበዙትም ኮምፒዩተር የሚጽፉ ሊቃውንት መሆን አላስፈለጋቸውም። ላፕቶፑን በዋናው የሚማሩበት የእነርሱ ልጆች እንዳልነበሩ ሲታሰብ ደግሞ ሥራቸው የሚያስመሰግን ነው።

በዚያው በ2008 ዓ.ም.፣ በእኛ በ2000 ዓ.ም.፣ 5,000 ያህል ላፕቶፖች ወደ ኢትዮጵያ ገብተው በአዲስ አበባና በገጠር ባሉ ጥቂት ተማሪ ቤቶች ለልጆች ታደሉ። ልጆቹ ወደዱት፤ ብዙም ነገር በራሳቸው ደረሱበት። በዚያ ጊዜ የተደረጉት ጥናቶች ግን መምህራኑ በቂ ሥልጠና እንዳላገኙና በክፍል ውስጥ ላፕቶፑ ለትምህርት መርጃ ከመሆን ይልቅ ልጆቹን የሚያዘናጋ ሆኖ እንደ ታያቸው ያስረዳሉ። ነገሩን ከኒው ዚላንዱ ጋር ላስተያየው ሰው ልዩነቱ ግልጥ ነው። በዚያ የነበረው ፈቃደኛ ሶፍትዌሩን የሚመረምር ተደርጎ ተቈጥሯል፤ በዚህ የነበረው መምህር ግን ዕቃ የሚቀበል ብቻ ተደርጎ ተቈጥሯል። ቅሬታ የሌለው መምህር አልነበረም፤ ቅሬታው ግን በመምህራን ማረፊያ ተነግሮ እዚያው ይቀራል።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2012 ዓ.ም.፣ ያው ማኅበር ሌላ ነገር ሞከረ። በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ተማሪ ቤት በሌለባቸው ሁለት መንደሮች፣ በእያንዳንዱ ለ20 ያህል ልጆች፣ በፀሐይ ኀይል የሚሞሉ ታብሌቶችን ያለ መምህር ሰጠ። ልጆቹ ሣጥኑን ከፍተው መሣሪያውን ራሳቸው አስነሡት፤ በአምስት ወርም ውስጥ ተዘግቶ የነበረውን የፎቶግራፍ መሣሪያ አስከፍተው፣ እንዳይለወጥ ታስሮ የነበረውን የፊት ገጹን መልክ እያንዳንዳቸው እንደ ፈለጉ ለወጡት። ዓለም በዚህ ተደነቀ። የመንደሮቹ ነገር ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ግን በሌላ በኩል ነው። በየሳምንቱ አንድ ሰው እየሄደ በታብሌቶቹ ውስጥ ያለውን የማስታወሻ ካርድ ይለውጥ ነበር፤ በካርዱም ላይ ልጁ የትኛውን እንደ ነካና ስንት ጊዜ እንደ ቈየ ተመዝግቦ ይገኝ ነበር። መኪናው የጻፈው ይህን ብቻ ነው። ልጁ አንዱን ጨዋታ ትቶ የሄደው ሰልችቶት ይሁን፣ ድምፁ አልሰማ ብሎት ይሁን፣ ወይም ቃሉ ያልገባው ሆኖ ይሁን መዝገቡ አይናገርም። አጠገቡ ቆሞ ያየ ሰው ብቻ ይናገራል።

ከዚያ ወዲህ የፊደል ጨዋታዎች በዝተዋል። ፊድ ዘ ሞንስተር የተባለው፣ ትርጕሙም ጭራቁን መግብ ማለት ነው፣ በመጀመሪያ የተሠራው የኖርዌይ መንግሥት የልማት መሥሪያ ቤት ባወጣው ውድድር ከአገራቸው ለተሰደዱ የሶርያ ልጆች ዐረብኛ ለማስተማር ነበር፤ ምንጩ ክፍት ስለሆነ ግን ኪዩሪየስ ለርኒንግ የተባለው ማኅበር ወደ ብዙ ቋንቋዎች መለሰው፤ አማርኛም አንዱ ነው። ለስደተኛ ልጅ የተሠራ የዐረብኛ ጨዋታ የወሎን ልጅ ሊያስተምር መቻሉ የክፍትነት ፍሬ ነው። በመንገዱ ላይ የተበላሸ ነገር ካለ አይቶ መናገር ደግሞ የተቀባዩ ድርሻ ነው።

እንግዲህ ጉድለት እንዴት ይነገራል? በእንግሊዝኛ ቋንቋ የኮምፒዩተር ጉድለት ተባይ በሚል ስም ይጠራል፤ ስሙ ከኮምፒዩተር ይቀድማል፤ ነገር ግን ሁልጊዜ የሚነገርለት አንድ ታሪክ አለ። በመስከረም ወር 1947 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ማርክ ሁለት የተባለው ትልቅ ኮምፒዩተር ሥራውን ሲያጓድል፣ ሠራተኞቹ ፈልገው ከውስጡ አንዲት የእሳት ራት ተጣብቃ አገኙ። ራቷን በመዝገባቸው ላይ ለጠፏት፤ ከአጠገቧም ሰዓቱን፣ የሰሌዳውን ፊደልና የተገኘችበትን የ70ኛውን ክፍል ቁጥር ጻፉ። ቀልድ ጨምረውበታል፤ ቢሆንም ከቀልዱ ጋር ቀኑ፣ ሰዓቱና ስፍራው አልቀሩም።

አገራችን በዚህ ጥበብ ደኻ አይደለችም። በቀድሞው ሙግት በዳኛ ፊት የቆመ ምስክር ያየውን ከሰማው፣ የሰማውንም ከገመተው እንዲለይ ይጠየቅ ነበር፤ የት ሆነህ አየህ፣ ማን ነበረ፣ ከዚያስ ምን ሆነ እየተባለ ይመረመር ነበር። ሽማግሌዎች ዛሬም በዕርቅ ላይ ሲቀመጡ እንዲሁ ያደርጋሉ። የጉድለት ማስታወቂያም ምስክርነት ነው። «አይሠራም» ብሎ የሚጽፍ ሰው ምንም አልመሰከረም፤ ሠሪው ይህን ቃል አንብቦ የሚያደርገው አንዳች ነገር የለውም። በሩቅ ያለው ሠሪ ጉድለቱን በገዛ መሣሪያው ላይ ዳግመኛ ሊያስገኘው ይገባዋል፤ ካላስገኘው አያርመውም። ስለዚህ የሚጻፈው ለእርሱ መንገድ የሚመራ መሆን አለበት።

የፀሐይን ነገር ያገኘ አንድ የወግዲ መምህር ቢኖር እንዲህ ብሎ ሊጽፍ ይገባዋል፤

«መሣሪያው ታብሌት፣ አንድሮይድ 9። የሶፍትዌሩ እትም ቤታ 0.8። የተደረገው፦ 1ኛ ሶፍትዌሩን ከፈትሁ። 2ኛ ቃል መጻፍ የሚለውን ነካሁ። 3ኛ የፀሐይ ሥዕል ሲመጣ ጸሐይ ብዬ ጻፍሁ። የጠበቅሁት፦ እንዲቀበለው፣ ወይም በሌላው ፀ እንዲጻፍ እንዲያመለክት። ያየሁት፦ ቀይ ምልክት ወጣ፤ ምክንያቱን አልተናገረም። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ እንዲሁ ሆነ። ፀሐይ ብዬ ስጽፍ ግን ተቀበለው።»

ይህ ማስታወቂያ አጭር ነው፤ ነገር ግን የጐደለው የለም። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር በተለይ የከበረ ነው፤ አንዱ ሲቀየር የሚስተካከል መሆኑን ስለሚያሳይ ሠሪውን በቀጥታ ወደ ጉድለቱ ስፍራ ያደርሰዋል። መምህሩ ስለ ምክንያቱ የሚገምተው ነገር ካለው ለብቻው፣ ግምት መሆኑን ገልጦ ይጻፈው። በአንድ ማስታወቂያ ሁለት ጉድለት መጻፍ አይገባም፤ አንዱ ሲታረም ሌላው ተረስቶ ይቀራልና። አንድ ጊዜ ብቻ ታይቶ ያልተደገመ ጉድለትም ቢሆን አንድ ጊዜ መታየቱ ተነግሮ ይጻፍ።

በወግዲ፣ በከላላና በቦረና ባሉ ተማሪ ቤቶች ይህ ሥራ እንዴት ይሆናል ማለት ተገቢ ነው። ደጋው በዐባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ ያለ አገር ነው፤ ከደሴ በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም የሚያደርሰው መንገድ ረዥም ነው፤ መብራትና የኢንተርኔት መስመር በየቀበሌው አይገኝም። ይህ ችግር ነው። ነገር ግን ለመርማሪ ችግሩ ራሱ የሥራ መስክ ነው። ሶፍትዌሩ በሠሪው ቤት ሲሞከር መብራት አይጠፋም፣ መስመር አይቋረጥም፣ አንድን ታብሌት ስድስት ልጆች አይፈራረቁበትም። ልጁ በትምህርቱ መካከል ሳለ ባትሪው ቢያልቅ እስከዚያ የሠራው ይጠፋል ወይስ ይቈያል? መስመር ሳይኖር ከፍቶ መግባት ይቻላል? ስድስተኛው ልጅ ሲገባ የአምስተኛውን ውጤት ይሽርበታል? ይህን የሚያውቀው የገጠር መምህር ነው፤ በዚህ ጉዳይ ከርሱ የሚበልጥ መርማሪ በከተማ አይገኝም።

መስመር በሌለበት ሥራው በደብተር ይሠራል። አንድ ደብተር ለዚሁ ተለይቶ ከታብሌቱ ጋር ይቀመጥ፤ ጉድለት በታየበት ሰዓት ይጻፍ፤ ማታ ላስታውሰው የተባለ ነገር ተለውጦ ይታወሳልና። የሚቻል ከሆነ ስክሪኑ በስልክ ፎቶግራፍ ይነሣ። ወደ መካነ ሰላም ወይም ወደ ደሴ የሚወርድ ሰው ሲገኝ የተጻፈው ተሰብስቦ ይላካል። ሠሪዎቹ አማርኛ የማያውቁ ቢሆኑ በመካነ ሰላም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ስላለ፣ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ተማሪ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። መምህሩ በዚህ ላይ በሳምንት ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊያጠፋ አይገባም፤ ስልሳና ሰባ ልጅ ይዞ የሚውል ሰው ሌላ ሸክም አይጫንበትም።

ሽማግሌዎች በዚህ ሥራ ምን ድርሻ አላቸው የሚል አይጥፋ። ታብሌት ነክተው የማያውቁ ቢሆኑም የተረቱ አማርኛ ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የተገለበጠ መሆኑን፣ የምሳሌው ቃል መዛባቱን፣ በሥዕሉ ላይ ያለው ሞፈርና ቀንበር በሬው ላይ በተቃራኒ መጫኑን፣ የደጋ እህል ተብሎ የቆላ እህል መሣሉን ከወጣት መምህር ይልቅ እነርሱ ያያሉ። ተረቱ ጮክ ተብሎ ይነበብላቸው፤ የሳቁበትና ያኰረፉበት ስፍራ ሁሉ ይጻፍ። በወሎ የማይነገር ቃል ካለም በወሎ ምን እንደሚባል ተጨምሮ ይጻፍ። እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያሻል፤ ያልወደዱት ሁሉ ጉድለት አይደለም። የተረቱ ጀግና ቀበሮ ከሚሆን ጦጣ ቢሆን ይሻል ነበር የሚል ሐሳብ ምኞት ነው፤ ምኞት ተብሎ ይጻፍ።

ገና ያልጸና እትም የሚሞክር ሰው ሊጠብቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ቤታ ሶፍትዌር ያለ ማስጠንቀቂያ የተከማቸውን ሊያጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ የተማሪ ስም ዝርዝርና ውጤት በእርሱ ብቻ አይያዝ፣ ፈተናም አይፈተንበት። ሌላ ሥራ የሌለበት አንድ መሣሪያ ለምርመራ ቢለይ መልካም ነው። ምንጩ ክፍት በሆነ ሥራ ማስታወቂያው ራሱ ለዓለም ሁሉ የተገለጠ ነውና፣ የልጅ ስም፣ የልጅ ፊት፣ የወላጅ ስልክ ፈጽሞ በውስጡ አይግባ። «አንድ የ2ኛ ክፍል ተማሪ» ማለት ይበቃል። ፎቶግራፍ ሲላክም በስክሪኑ ዳር የልጁ ስም ተጽፎ እንዳይገኝ አስቀድሞ ይታይ።

ማስታወቂያው ከደረሰ በኋላ ቁጥር ይሰጠዋል። ከዚያ በፊት ሌላ ሰው ያንኑ ተናግሮ ከሆነ ከቀደመው ጋር ይጣመራል፤ ይህ ንቀት አይደለም፤ ሁለተኛው ምስክር የመጀመሪያውን ያጸናል። አንዳንዱ በሳምንት ይታረማል፤ አንዳንዱ ዓመት ይቈያል፤ ሠሪዎቹም ብዙ ጊዜ እንደ መርማሪዎቹ ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ናቸው። አንዳንዱን ደግሞ አናርመውም ብለው ምክንያቱን ይጽፋሉ፤ መምህሩ ካልተስማማ በትሕትና ሊከራከር ይችላል፤ ክርክሩም በዚያው ቁጥር ሥር ይጻፋል። ታረመ ተብሎ አዲስ እትም ሲወጣ ግን ሥራው ወደ መጀመሪያው ሰው ይመለሳል። ደብተሩ ይገለጣል፤ ያው ታብሌት ይነሣል፤ ሶፍትዌሩ ይከፈታል፣ ቃል መጻፍ የሚለው ይነካል፣ የፀሐይ ሥዕል ሲመጣ እንደ ቀድሞው ጸሐይ ተብሎ ይጻፋል፤ የታየውም ከቀኑና ከእትሙ ቁጥር ጋር በዚያው ገጽ ላይ ይጻፋል።